ዘፈኑ የቆመ ለት

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። ወንበር ያልደረሰው አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጥ፤ በሩንም መለስ አድርጉት፣ ብርዱ ይገባል። የማወራችሁ የኖሪንን ነገር ነው፣ የክሊፍን ሚስት።

በእኛ ሰፈር፣ በሄስል ሮድ፣ በዚያ ዘመን ከዓሣ መርከብ ጋር ያልተነካካ ቤት አልነበረም። አንዷ ባሏን፣ አንዷ ወንድሟን፣ አንዷ ልጇን ወደ አይስላንድ ባሕር ሰድዳ ትጠብቃለች። ኖሪንም ከሌሎቹ የተለየች አልነበረችም። ባሏ በሚወጣበት ቀን ልብስ አታጥብም፤ ያጠበች እንደሆነ ሰውየውን ከመርከቡ ላይ አጥባ የምታወርደው ይመስላታል። ወደብ ወርዳ አትሸኘውም፤ በር ላይ ቆማም እጇን አታውለበልብለትም። መርከብ ላይ መውጣትማ ጨርሶ የማይታሰብ ነው። ሴት የረገጠችው መርከብ ገድ የለውም ይባል ነበር። እንዲህ ሆኖ ነው እንግዲህ፣ ባሏ ግማሽ ዕድሜውን ባሕር ላይ ሲኖር፣ እሷ ስለ ባሕር የምታውቀው እሱ የነገራትን ብቻ የሆነው።

እሱ ደግሞ ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም። ወንድሙ ሮይ እዚያው ባሕር ላይ ሲቀር አብረው በአንድ መርከብ ላይ ነበሩ፤ ሆኖም ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተናግሮ አያውቅም። ሰውም አልጠየቀውም። አንዳንድ ጊዜ ብቻ እሳት ዳር ተቀምጦ ሻዩን እየጠጣ፣ ማንም ሳያናግረው፣ ሚስቱን በቁልምጫ ጠርቶ፣ «እዚያ ላይ አንድ ጸጥታ አለ፣ ኖሬ። እንደዚያ ያለ ጸጥታ ምድር ላይ የለም» ይላል።  ኖሪን ይህን ስትሰማ ደስ ይላት ነበር። ያ ሁሉ ብርድ፣ ያ ሁሉ ድካም እያለ፣ ቢያንስ ልቡ የሚያርፍበት ሰላም አለው ማለት ነው ብላ ታስባለች።

ዓመታት አለፉ። የዓሣ ማጥመዱ ሥራ ቀረ፣ ክሊፍም ወደብ ላይ ሠርቶ ጡረታ ወጣ። ከዚያ አእምሮው ይከዳው ጀመር። መጀመሪያ የቁልፍ ቦታ፣ ቀጥሎ የጎረቤት ስም፣ በመጨረሻ የሚስቱ ስም ጠፋው። ግን ኖሪን አንድ ነገር ልብ አለች። ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ቴሌቪዥኑ ሲዘጋ፣ መንገዱም መኪና ሲቀንስ፣ ክሊፍ ተመልሶ ይመጣል። ቀና ይልና «ኖሬ» ይላታል። ትንሽ ያወራሉ። አንድ መኪና ጥሩንባውን ሲነፋ ደግሞ ይሄዳል፤ አጠገቡ የተቀመጠችውን ሴት እንደ እንግዳ ያያታል፤ እንደማያውቃት ሰው አክብሮ «እርስዎ» ይላታል። 

ልጃቸው አባቷ በበልግ የአረጋውያን መጦሪያ እንዲገባ ወሰነች። ክፉ ልጅ ስለሆነች አይደለም፤ እናቷ እያለቀች ስለነበር ነው። ኖሪንም እሺ አለች። ግን ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ባሏን ጠግባ ማግኘት ፈለገች። ለጥቂት ቀን እንኳ እሱ ራሱ ሆኖ፣ ስሟን እየጠራ፣ የቆየ የቆየውን እያወሩ። ይህ የት ይገኛል ብላ ስታስብ፣ ከባሏ አፍ የሰማችው ያ ጸጥታ ትዝ አላት። ልጅቷ እንድታስይዝላት የጠየቀቻትም ወደ አይስላንድ የሚሄድ የሽርሽር መርከብ ነበር። ሴት የረገጠችው መርከብ ገድ የለውም የሚባለውን የቆየ ነገር አሰበችው፤ አስባ ተወችው።

አይ የኔ ልጆች፣ ጸጥታስ አልነበረም።

መኝታ ክፍላቸው ከመዋኛ ገንዳው ደርብ ሥር ነበር። ልጃቸው ክፍሉን የመረጠችው ወደ ምግብ አዳራሹም ወደ አሳንሰሩም ቅርብ ነው ብላ ነው፤ ከጣሪያው በላይ ምን እንዳለ ማንም አላየም። ጠዋት ዓይን ሳይገለጥ ወንበር መጎተት ይጀመራል። ሕዝቡ ፎጣ ይዞ እየሮጠ ጥሩ ጥሩውን ወንበር ይሻማል። ቀጥሎ ዘፈኑ። ግጥሙ አይሰማም፤ ዱብዱብታው ብቻ በብረቱ ግድግዳ ወርዶ የጥርስ መፋቂያው ብርጭቆ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። በመሃል ድምፅ ማጉያው ይጮኻል፦ የቢንጎ ዕጣ ጨዋታ ሊጀመር ነው፣ የዳንስ ትምህርት ሊጀመር ነው፣ ሽንት ቤት ውስጥ ወረቀት እንጂ ሌላ ነገር አትጣሉ። እራት ላይ ባንድ አለ። አሳንሰር ውስጥ እንኳ አንድ ሰው ይዘፍናል።

ኖሪን ያላደረገችው የለም። ጆሮዋን በሰም ደፈነች፤ የክሊፍንም ልትደፍን ስትል እጇን ገፋት። እርጥብ ፎጣ ጠቅልላ በበሩ ሥር ወሸቀች። ራስጌውን ግርጌ አድርጋ ተኛች። ክፍሉን የምታጸዳላቸው ማሪቪክ የምትባል ፊሊፒናዊት ነበረች፤ ልጆቿን አሳድጋ የጨረሰች፣ ብዙ የማትናገር ሴት። እሷ ቁም ሳጥኑ እንዳይንቋቋ በበሩ መሃል ናፕኪን አጥፋ አስገባችላት፣ የልብስ መስቀያዎቹንም በላስቲክ አሰረችላቸው። በቀን የሚሸሹበት ቦታ ፍለጋ መርከቡን ዞሩት። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የጥያቄና መልስ ውድድር አለ። ጸሎት ቤቱ ውስጥ ተሳፋሪዎች ተሰብስበው መዝሙር ያጠናሉ፣ ያውም ከበሮ ይዘው። ከነፍስ አድን ጀልባዎቹ ኋላ ያለው ጥግ ጥሩ ይመስል ነበር፤ እዚያ ደግሞ አጫሾች ትንሽ ራዲዮ ይዘው ተደብቀዋል።

ኖሪን በዚህ ሁሉ ስትቃጠል ክሊፍን ምንም አልነካውም። ከዱብዱብታው ሥር እንደ ሕፃን ይተኛል። ቤት እያሉ ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ የሚነሣው ሰውዬ እዚህ ከጎን ወደ ጎን እንኳ አይገላበጥም። ሲነሣም ደኅና ይበላል፣ እግሩን ከዘፈኑ ጋር ይመታል፤ ሚስቱን ግን አያውቃትም። ቁርስ ላይ «እሜቴ፣ እርስዎም ለሥራ ነው የመጡት?» ይላታል በጨዋነት።

ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። ገንዳው ዳር ሲቀመጡ፣ አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው እስኪጀምር ባለችው ትንፋሽ፣ ክሊፍ ራሱን ቀና ያደርጋል። ሰው የጠራው ይመስል አንገቱን ወደ ባሕሩ ያዞራል። ከዚያ ዘፈኑ ይጀምርና ራሱ ዝቅ ይላል። ኖሪን ይህን ስታይ ልቧ በተስፋ ዘለለ። በዚህች ትንፋሽ እንዲህ ከሆነ፣ አንድ ሰዓት ጸጥታ ባገኝለት ሙሉ ለሙሉ ይመለስልኛል አለች። ማሪቪክ ግን ፎጣ እያደረሰች አይታው ኖሮ ቆም አለች። አያቷ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ለኖሪን ቀስ ብላ፣ «እማማ፣ አባባ እንዲህ ሲያዳምጡ አልወደድኩትም» አለቻት። ኖሪን ሳቀችባት፤ ሚስት የምትወደው ይህንኑ ነው አለቻት።

እናም ወደ ጋቪን ሄደች። ጋቪን የመርከቡ አዝናኝ ነው፤ ሰማያዊ ኮት የሚለብስ፣ ሲያወራ ማይክሮፎን የያዘ የሚመስል ሰው። ድምፁን ትንሽ ዝቅ እንዲያደርግላት ለመነችው። እሱም ሰው ሁሉ የመጣው ለጨዋታ እንደሆነ በትሕትና አስረዳት፤ ከዚያ ቀልድ ጨመረበት።

«እማማ፣ ዝምታ የፈለገ ሰው እኮ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚሄደው።»

«ሄጄ ነበር» አለችው ኖሪን። «እዚያም ከበሮ አስገብተህበታል።»

አጠገባቸው ግሌኒስ የምትባል የዌልስ ሴትዮ ወንበሯ ላይ ተዘርግታ ነበር። እሷ በየቀኑ ከድምፅ ማጉያው ፊት ለፊት ነው የምትቀመጠው። ባሏን በቅርብ የቀበረች ናት። የኖሪንን ልመና ሰምታ ከት ብላ ሳቀችና፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ሞቼ የምዘጋውን ጆሮ አሁኑኑ ዝጊ ነው የምትይኝ?» አለቻት። ጋቪንም ድምፁን ሳይቀንስ ቀረ።

ኖሪን ክፍሏ ገብታ ጣሪያውን እያየች ተጋደመች። እንግዲህ የሚቀጥለውን ሥራዋን በኋላ ስታወራው ፊቷን ታዞር ነበር። በማግሥቱ መርከቡ የአይስላንድን ሰሜን ምዕራብ ጥግ ይዞ ያልፋል፤ ከእኛ ከተማ የወጡ ብዙ መርከቦችና ብዙ ወንዶች የቀሩበትን ውኃ። የክሊፍ ወንድም ሮይም የቀረው እዚያው ነው። ይህን ይዛ ካፒቴኑ ዘንድ ለመቅረብ ጠየቀች። ካፒቴኑ ግሪካዊ ነበር፤ አባቱም አያቱም ባሕር ላይ የኖሩ። ባሌ ወንድሙን ያጣው እዚህ ነው፣ ለሙታኑ ክብር ዘፈኑ ለአንድ ሰዓት ይቁምልን አለችው። ካፒቴኑ ኮፍያውን አውልቆ ሰማት። ዘፈኑን ብቻ ሳይሆን መርከቡንም አቆማለሁ፣ አበባም እናወርዳለን አላት። እጁን ጨብጣ አመሰገነችው። ስትወጣ ግን ሮይን አንድም ጊዜ እንዳላሰበችው ታወቃት። ስሙን ተበድራ ነው የሄደችው። የፈለገችው ጸጥታውን ነው።

በማግሥቱ ከምሳ በኋላ ተሳፋሪው ሁሉ ላይኛው ደርብ ላይ ወጣ። ባሕሩ እንደ ዘይት የተኛ ነበር። ሰማዩ ብሩህ ነው፤ ውኃው ላይ ግን ነጭ ጉም ዝቅ ብሎ ተነጥፏል፣ እንደ አንሶላ። ጋቪን ማይክሮፎኑን ይዞ ሁለት ቃል ተናገረና ቁልፉን አዞረ። ዘፈኑ ቆመ። ቀጥሎ ሞተሩ ቆመ። ኖሪን እግሯ ሥር ያ ሁሉ ቀን ንዝረት እንደነበረ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው፣ ሲጠፋ። ሁለት መርከበኞች አበባውን በገመድ አወረዱት። አበባው ውኃውን ሲነካ እንኳ ድምፅ አልሰማችም፤ ጉሙ ዋጠው።

ኖሪን ወደ ባሏ ዞረች። እሱም ወደ እሷ ዞሮ ነበር። ዓይኑ ጥርት ብሏል።

«ኖሬ» አላት።

«እዚህ ነኝ።»

እጁን አነሣና ጉንጯን ነካት፣ ቀስ ብሎ፣ እንደሚሰበር ዕቃ። «አርጅተሻል እኮ» አላት።

«አንተስ ብትሆን።»

ሳቀ። የእሱ ሳቅ ነበር፣ የዱሮው፣ በአንድ ወገን ከንፈሩ የሚጀምረው። በሰርጋቸው ቀን ለብሳው የነበረውን ሰማያዊ ካፖርት ነገር አነሣባት፤ ኪሱ ቀዳዳ እንደነበረና ቀለበቱ በገበሩ ውስጥ ወርዶ ቄሱ ሲጠብቁ እንደፈለጉት። ከዓመታት በኋላ እሷ እንኳ የረሳችውን። ኖሪን እንባዋ ወረደ፤ እሰይ አለች በልቧ፣ አገኘሁት።

ከዚያ ክሊፍ ዙሪያውን አየ። ሰው ሁሉ በብረቱ አጥር ዳር ተደርድሮ ወደ ባሕር እያየ ዝም ብሏል። ሞተሩ ቆሟል። ፊቱ ተለወጠ።

«ማነው የወደቀው?»

ኖሪን ማንም እንዳልወደቀ ነገረችው። ይህ እኮ ያ ጸጥታ ነው፣ እሳት ዳር ሆነህ የምትነግረኝ፣ አለችው። ክሊፍም እንደማታውቅ ልጅ አያት።

«መርከብ ላይ ጸጥታ የለም፣ ኖሬ። ሞተሩ አለ፣ የመረቡ መጎተቻ አለ፣ ንፋሱ አለ፣ ስንተኛም ብረቱ ጆሯችን ላይ ይጮኻል። ጸጥታ የሚመጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሰው ውኃ ውስጥ ሲገባ። አለቃው ሁሉንም ያስጠፋል። ሁላችንም ዳር ዳሩን ይዘን እናዳምጣለን።»

 ያን ሁሉ ዓመት እሳት ዳር ሆኖ የነገራት ይህንን ነበር። እሷ ሰላም ነው ብላ ይዛው ኖራለች።

ክሊፍ ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ አጥሩ ሄደ፤ እርምጃው የወጣት ነበር። እጁን ከጆሮው ኋላ አድርጎ ቆመ፣ አንድ ጊዜ እንደተማረውና እንዳልረሳው። ወደ እሷ ሳያይ አወራት። ሮይን ማዕበል ከመርከቡ ላይ ሲወስደው ልክ እንዲህ ያለ ጉም ነበር። አለቃው ሞተሩን አስጠፋ። ሰሙት። ግራ ይላሉ፣ ድምፁ ቀኝ ነው፤ ቀኝ ይላሉ፣ ኋላ ነው። እየቆየ ድምፁ ራቀ፣ ግን አልቆመም። ጨለማ ሲመጣ አለቃው ሞተሩን አስነሣ። ክሊፍ እንዳይነሣ ለምኖ ነበር። ሮይ እየተጣራ ነበር ሞተሩ የተነሣው።

«ስናዳምጥ መጮኽ ክልክል ነው፤ ስለዚህ መልስ አልሰጠሁትም» አላት። «ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ብጮህ አይሰማኝም።»

ሁለቱን እጆቹን አፉ ላይ አድርጎ፣ ኖሪን ሰምታው በማታውቀው ድምፅ፣ የወንድሙን ስም አስረዝሞ ተጣራ። ተሳፋሪዎቹ ዞረው አዩት። አንዳንዱ አንገቱን ደፋ፤ የሽማግሌ ሐዘን ነው ብሎ።

ጉሙ ውስጥ አንድ ድምፅ መለሰለት።

ሩቅ ነበር። ቃል አልነበረውም፤ የሰው ድምፅ ግን ነበር፣ ወንድ፣ ወጣት፣ የደከመው። ኖሪን የእኔ ጆሮ ነው አለች። ወዲያው ግን ግሌኒስን አየቻት። ያቺ ሳቂ ሴትዮ ወንበሯን በሁለት እጇ ይዛ ፊቷ ነጥቷል። ማሪቪክ አማተበች። ጋቪን ጮክ ብሎ የባሕር ውሻ የሚሉት እንስሳ መሆን አለበት አለ፤ ማንም አልሳቀለትም። ካፒቴኑ ከላይ የሩቅ ማያ መነጽሩን አውጥቶ ጉሙን ይፈልጋል። ጀልባ የለም። ምንም የለም።

ክሊፍ ደግሞ ተጣራ። ድምፁም መለሰ፣ ቀረብ ብሎ። ክሊፍ ሳቀ፤ የልጅነት ሰፈራቸውን፣ የእናታቸውን ስም፣ የድንች ጥብስ የሚገዙባትን ሱቅ እየጠራ ይጮህለት ጀመር። በተጣራ ቁጥር ፊቱ እየጠራ፣ እየበራ ሄደ። ኖሪን እንዲህ ሙሉ ሆኖ ካየችው ስንት ዘመኗ! «ሮይ» አለ፣ «ኖሪን አብራኝ ናት! ኖሪን ናት እዚህ!» ድምፁም ከጉሙ ሥር፣ ከመርከቡ ግድግዳ አጠገብ ማለት ይቻላል፣ ከታች መለሰ።

ክሊፍ አንድ እግሩን በአጥሩ የታችኛው ብረት ላይ አደረገ። ወደ ሚስቱ ዞረ፤ ክሊፍ ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ ያያት ያን ጊዜ ነበር። «አንዴ ብቻ እጄን ልስጠው» አላት፣ እንደ ማስፈቀድ ብሎ። ሌላውን እግሩን አነሣ።

ኖሪን ወገቡን ይዛ ተንጠለጠለች። ሽማግሌ ነው፣ ግን እጁ መረብ የጎተተ እጅ ነው፤ ልትይዘው አትችልም። ማሪቪክ ሮጣ ክንዱን ያዘች። አሁንም አልቻሉትም። ያን ጊዜ ኖሪን ልቧ ለሁለት ተሰነጠቀ። ጸጥታው ከቀጠለ ባሏ ያውቃታል፤ እያወቃትም ይሄዳል። ጸጥታው ከተሰበረ ይቀርላታል፤ የሚቀረው ግን የማያውቃት ሰው ነው። ይህን ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም፤ አሰበችው ግን፣ ሙሉውን። ከዚያ ጮኸች።

«ክፈተው! ዘፈኑን ክፈተው፣ እስከ መጨረሻው!»

ጋቪን ቸኩሎ ቁልፉን ሳተው። ግሌኒስ ከወንበሯ ተነሥታ ገፋችውና ራሷ አዞረችው። ዘፈኑ እንደ ግድግዳ ወደቀባቸው። ከበሮው ደረታቸውን መታው። ካፒቴኑም ከላይ ሆኖ ሞተሩን አስነሣ፤ ንዝረቱ በብረቱ ወጥቶ እግራቸውን ያዘው።

ክሊፍ አጥሩ ላይ እንዳለ ቆመ። የሆነ ነገር ሊያዳምጥ ሞከረ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ዓይኑ ቀስ እያለ ደበዘዘ፣ እንደ መስኮት ትንፋሽ ሲያገኘው። እግሩን ከብረቱ ላይ ራሱ አወረደ። ወገቡን የያዘችውን ሴት አያት፣ በጨዋነት፣ ትንሽም አፍሮ።

«ይቅርታ እሜቴ» አላት። «አስቸገርኩዎት?»

«ምንም አላስቸገሩኝም» አለችው ኖሪን። እሷም «እርስዎ» አለችው። ክንዱን ይዛ ወደ ወንበሩ መለሰችው።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ኖሪን የጆሮዋን ሰም አውጥታ ጣለችው፤ ፎጣውን ከበሩ ሥር አነሣችው። ቀን ቀን ከግሌኒስ አጠገብ፣ ከድምፅ ማጉያው ፊት ለፊት፣ ባሏን መሃል አድርገው ይቀመጡ ነበር። ስለዚያ ቀን ሁለቱም አላወሩም። አንድ ጊዜ ብቻ ግሌኒስ፣ የዘፈኑን ጩኸት ተገን አድርጋ፣ ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብላ፣ «የእኔው ሰውዬ ከሞተ ጀምሮ ቤቴ ጸጥ ሲል አልወድም ነበር። ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ» አለቻት።

ቤት ሲገቡ ልጃቸው ሦስት መጦሪያ ቤቶች መርጣ ጠበቀቻቸው። የመጀመሪያው የአትክልት ቦታ ያለው፣ ወፍ ብቻ የሚሰማበት ነበር። ኖሪን በሩ ላይ ቆማ አልገባም አለች። የመረጠችው ከአውራ ጎዳናው ዳር ያለውን ነው፤ ከባድ መኪና ሲያልፍ መስኮቱ የሚንቀጠቀጥበትን፣ ሳሎኑ ውስጥ ቴሌቪዥን የማይዘጋበትን፣ አንዲት ሴትዮ ቀኑን ሙሉ ፒያኖ የምትደበድብበትን። ልጅቷ እናቴም ልትታመምብኝ ነው ብላ አለቀሰች። ክሊፍ እዚያ ተመቸው። በላ፣ ተኛ፣ ወፈረም። ኖሪን በየቀኑ ትሄዳለች፤ ሻይ ታጠጣዋለች፣ እሱም ያመሰግናታል። አንዳንዴ ለነርሶቹ፣ «እኚህ ሴትዮ ደግ ናቸው፣ የማን ሚስት ይሆኑ?» ይላቸዋል።

እሷ ግን ማታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ቤቱ ደግሞ ባዶ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን ራዲዮኑን ይዛ ጣቢያ ትፈልግ ነበር። ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ስታዞረው በመካከሉ ትንሽ ጸጥታ አለች አይደል፤ በዚያች ጸጥታ ውስጥ፣ ከጓሮ በር ወዲያ፣ ዝቅ ብሎ፣ አንድ የደከመ ወጣት ድምፅ ተጣራ። የክሊፍን ስም አልነበረም የጠራው።

ኖሪን ጣቢያውን አገኘችና ድምፁን ከፍ አደረገችው። ከዚያ ቀን ወዲህ በቤቷ በየክፍሉ ራዲዮ አለ፤ ወጥ ቤትም፣ መኝታ ቤትም፣ ደረጃው ላይም፣ ሁሉም ክፍት ናቸው። አዲስ የመጡት ጎረቤቶቿ ያጉረመርማሉ። አሮጊቷ ጆሯቸው ደንቁሯል ይላሉ፤ አንዱማ ግድግዳውን በጫማ ይደበድባል። እሷ ትሰማለች፣ ጆሮዋ ደኅና ነው። ድብደባውንም ትወደዋለች፤ እሱም ድምፅ ነው።

ይኸው ነው የኖሪን ነገር። እናንተም አንድ ቀን ከሽማግሌ ቤት ጎን ትከራዩ ይሆናል። ራዲዮው ሲጮህባችሁ፣ እንቅልፍ ሲነሣችሁ፣ ዝቅ አድርጉልኝ ለማለት በሩን ከማንኳኳታችሁ በፊት፣ እባካችሁ ልጆቼ፣ ኖሪንን አንድ ጊዜ አስታውሱልኝ።